በጀልባ ውስጥ ስላለው የመሣሪያ ሣጥን አሠራር

በየብስ የሚሄድ መንገደኛ መንገዱ ቢጠፋበት ተራራውን አይቶ፥ ወንዙን ተከትሎ፥ እረኛ ጠይቆ ይመለሳል። በባሕር ላይ ግን መንገድ የለም፤ ትናንት መርከብ ያለፈበትን ስፍራ ማዕበል ወዲያው ይሸፍነዋልና ፈለጉ አይገኝም። የብሱ ከዐይን ከራቀ በኋላ፥ ሌሊት ሲሆን ወይም ጉም ሲወርድ፥ መርከበኛ የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ የሚጠይቀው በፊቱ የተተከሉትን መሣሪያዎች ብቻ ነው። መሣሪያዎቹ እውነት ከተናገሩ ይድናል፤ ሐሰት ከተናገሩ ግን እርሱም አብረውት ያሉትም ይጠፋሉ።

ስለዚህ መሣሪያ መግዛት ብቻ አይበቃም፤ መሣሪያው የሚቀመጥበትን ሣጥን ደግሞ በጥንቃቄ መሥራት ወይም መርምሮ መግዛት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሣጥኑን እንደ ጌጥ ያየዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መሣሪያ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፥ ስፍራውና ጎረቤቱ ክፉ ከሆኑ እውነት ሊናገር አይችልም። በጣና ሐይቅ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ደሴቱንና ተራራውን እያየ ስለሚሄድ ይህ ነገር ብዙ አያሳስበው ይሆናል። ነገር ግን ማግኔት የተባለው ኀይል ምን እንደሚሠራ ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝምና፥ መምህራንና ሽማግሎች ነገሩን በሙሉ ቢያውቁት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሣጥኑ ምን እንደ ሆነ

በትንሽ የሸራ ጀልባ በስተኋላ ከወለሉ ዝቅ ያለ ጐድጓዳ ስፍራ አለ፤ የጀልባውን መሪ የሚይዘው ሰው የሚቀመጠው በዚያ ነው። በፊቱ፥ ዐይኑ በሚያርፍበት አንጻር፥ መሣሪያዎች ተሰክተውበት የሚቆመው ሣጥን የመሣሪያ ሣጥን ይባላል። ሥራውም አራት ነው። መሣሪያዎቹን ከውሃ ይጠብቃል፤ ሳይነቃነቁ ይይዛቸዋል፤ በቀንም በሌሊትም እንዲነበቡ ያደርጋል፤ አራተኛውና ዋናው ግን መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይጐዳዱ አራርቆ ያኖራቸዋል።

ይህ ሣጥን አዲስ ነገር አይደለም። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በአውሮፓ መርከቦች ላይ ከመሪው ፊት የእንጨት ሣጥን ይቆም ነበር፤ በውስጡም ሁለት ኮምፓስና በሌሊት የሚያበራላቸው ፋኖስ ይቀመጡበት ነበር። ጆን ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ በ1627 ዓ.ም. ስለ ባሕር ሥራ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ይህ ሣጥን የሚያያዘው በእንጨት ችንካር መሆኑን፥ ምክንያቱም የብረት ሚስማር ኮምፓሱን የሚስብ ስለሆነ እንደሆነ ጽፏል። እንግዲህ የቀድሞ አናጢዎች ምሥጢሩን በሙሉ ባያውቁትም፥ ብረት ለኮምፓስ ክፉ ጎረቤት መሆኑን አስቀድመው አስተውለው ነበር።

ኮምፓስ ስለምን ይሳሳታል

ምድር ራስዋ እንደ ትልቅ ማግኔት ናት። በነፃ የሚዞር ማግኔት የሆነ መርፌ ካለ አንደኛው ጫፉ ወደ ሰሜን፥ ሌላው ወደ ደቡብ ይዞራል። ይሁን እንጂ የምድር ማግኔት ኀይል በመርፌው ዘንድ ደካማ ነው፤ ስለዚህ በአጠገቡ ብረት ወይም ሌላ ማግኔት ከተገኘ መርፌው ሩቁን ትቶ ቅርቡን ይሰማል።

መምህሩ ይህን በትምህርት ቤት ሊያሳየው ይችላል። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔቱን ያውጣ፤ የልብስ መስፊያ መርፌ ወስዶ ከዐይኑ ወደ ጫፉ ሠላሳ ወይም አርባ ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ በማግኔቱ ያሻሽ፤ ሲመለስም እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ይመለስ። ከዚያ በኋላ በሸክላ ወይም በእንጨት ገበታ ውሃ ሞልቶ፥ መርፌውን በስስ ቡሽ ላይ አጋድሞ ያንሳፍፈው። ውሃው ጸጥ ሲል መርፌው ሰሜንና ደቡብን ይዞ ይቆማል። ቀጥሎ አንድ ተማሪ ቢላዋ ይዞ ከሩቅ ቀስ እያለ ይቅረብ፤ ሌሎቹም መርፌው መነቃነቅ የሚጀምረው ቢላዋው ስንት ስንዝር ሲቀርብ እንደሆነ ይለኩ። ከዚያም በቢላዋው ፈንታ ማግኔቱን ይዞ ይቅረብ፤ በዚህ ጊዜ መርፌው እጅግ ከሩቅ ሲታወክ ያያሉ። በመጨረሻ በቢላዋውና በመርፌው መካከል ሳንቃ ያቁሙ፤ እንጨት የማግኔትን ኀይል እንደማያግደው ይገለጥላቸዋል። ተማሪዎቹ የጀልባ አናጢ ሣጥን ከመሥራቱ በፊት የሚያደርገውን ፈተና አደረጉ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የኮምፓስ ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን በብዙ አገር ጥቂት ይለያያሉ፤ ልዩነቱም እንደየስፍራው ነው። ይህ ከምድር የሚመጣ ስለሆነ በባሕር ካርታ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ካርታ ሊያውቀው የማይችለው ግን ከጀልባው ከራሱ የሚመጣው ስሕተት ነው። የመሣሪያ ሣጥን ሠሪ የሚታገለው ከዚህኛው ጋር ነው።

ስሕተቱ ትንሽ መስሎ የሚናቅ አይደለም። አንድ ዲግሪ የተሳሳተ ሰው 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከመንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል፤ አሥር ዲግሪ የተሳሳተ ደግሞ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ይወጣል። በሌሊት ይህ ርቀት በጥልቅ ውሃና በዐለት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በዚህ ነገር የደረሰ ጥፋትና የተገኘ ጥበብ

ማቲው ፍሊንደርስ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ ከ1801 እስከ 1803 ዓ.ም. ኢንቨስቲጌተር በምትባል መርከብ የአውስትራሊያን ጠረፍ ይለካ ነበር። በዚያም ሳለ የመርከቡ ፊት ሲዞር የኮምፓሱ ስሕተት አብሮ እንደሚለዋወጥ፥ ኮምፓሱም በመርከቡ ውስጥ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዛወር ንባቡ እንደሚለያይ አስተዋለ። ምክንያቱ በመርከቡ ውስጥ ያለው ብረት መሆኑን ተረድቶ፥ ብረትን በብረት ማረም እንደሚቻል አሰበ፤ ይኸውም ከኮምፓሱ አጠገብ ቀጥ ብሎ የሚቆም የብረት ዘንግ በማኖር ነው። ይህ ዘንግ እስከ ዛሬ በስሙ የፍሊንደርስ ዘንግ ይባላል።

የፍሊንደርስ መርከብ የእንጨት ነበረች። በኋላ መርከቦች በሙሉ ከብረት መሠራት በጀመሩ ጊዜ ጭንቁ በረታ። ቴይለር የምትባል አዲስ የብረት መርከብ በጥር ወር 1854 ዓ.ም. ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ይዛ ከሊቨርፑል ወደ አውስትራሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣች። ኮምፓሶቿ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። መርከበኞቹ ወደ ደቡብ የሚሄዱ ሲመስላቸው በእውነት ወደ ምዕራብ፥ ወደ አየርላንድ ጠረፍ ይሄዱ ነበር። በተነሡ በሁለተኛው ቀን በጉምና በማዕበል ውስጥ በደብሊን አጠገብ ካለችው ከላምቤይ ደሴት ዐለት ጋር ተጋጩ፤ ከ300 በላይ ሰዎችም ሞቱ። መርከቢቱ አዲስ ነበረች፤ ኮምፓስም አላጣችም፤ ነገር ግን የብረት ገላዋ ለገዛ መሪዎችዋ ሐሰት ነገራቸው።

ይህን ክፉ ነገር ለማራቅ ሁለት ሊቃውንት ተከራክረዋል። ጆርጅ ኤሪ የተባለው የግሪንዊች የኮከብ መመልከቻ አለቃ በ1838 ዓ.ም. ሬይንቦው በምትባል የብረት መርከብ ላይ መርምሮ፥ በኮምፓሱ አጠገብ ማግኔትና ብረት በልክ በማኖር ስሕተቱን ማረም እንደሚቻል አሳየ። ዊልያም ስኮርስቢ የተባለው፥ ቀድሞ ዓሣ ነባሪ አዳኝ በኋላ ቄስ የሆነ ሊቅ ግን፥ የመርከብ ብረት በማዕበል ሲመታ ማግኔትነቱ ይለዋወጣልና ዛሬ የተስተካከለው ነገ ይሳሳታል፤ ስለዚህ አንድ ኮምፓስ ከብረቱ ርቆ በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ ብሎ ተከራከረ። ነገሩንም ለመፈተን በ1856 ዓ.ም. ሮያል ቻርተር በምትባል መርከብ እስከ አውስትራሊያ ተጓዘ።

በመጨረሻም የሁለቱም ምክር ጠቀመ። አንደኛው የሚታረመውን አርም አለ፤ ሁለተኛው በእርማትህ ተማምነህ አትተኛ፥ ደጋግመህ መርምር አለ። ዊልያም ቶምሰን፥ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሊቅ፥ በ1876 ዓ.ም. ማሻሻያ ማግኔቶች በሆዱ የሚቀመጡበት፥ በግራና በቀኙ ሁለት የብረት ድቡልቡሎች ያሉት የኮምፓስ ሣጥን አወጣ። ዛሬ በትልልቅ መርከቦች ላይ የሚታየው ሣጥን ከዚህ የመጣ ነው።

በዛሬው ጀልባ ሣጥን ውስጥ የሚገኙት መሣሪያዎች

ኮምፓሱ እንደ ቀድሞው ዋናው ነው። ቁጥር የተጻፈበት ክብ ሰሌዳው ከማግኔቱ ጋር ተጣብቆ በፈሳሽ ውስጥ ይዞራል፤ ፈሳሹም ጀልባው ሲናወጥ ሰሌዳው እንዳይወዛወዝ ያረጋጋዋል። ሁለተኛው የጥልቀት መለኪያ ነው። ይህ መሣሪያ ከጀልባው ሆድ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁም እንደ ገደል ማሚቶ ከባሕሩ ወለል ተመልሶ ይመጣል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በአንድ ሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ በመቶኛ ሁለት ሰከንድ ቢመለስ ደርሶ መልሱ 30 ሜትር፥ ጥልቀቱም 15 ሜትር ነው ማለት ነው። ሦስተኛው የፍጥነት መለኪያ ነው፤ ከጀልባው ሆድ በታች ውሃ የሚያዞራት ትንሽ መንኰራኵር አለችው። አራተኛው የነፋስን ኀይልና አመጣጥ ከምሰሶው ራስ ያሳያል። አምስተኛው ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ ጀልባው ያለበትን ስፍራ በባሕር ካርታ ላይ የሚያሳይ መስታወት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ባትሪ ሳያስፈልገው የሚሠራው ኮምፓሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ብዙ ነገር ይናገራሉ፤ ባትሪው ባለቀ ቀን ግን ሁሉም ባንድነት ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሌሎቹን ለማስቀመጥ ሲባል ኮምፓሱን መበደል ታላቅ ስሕተት ነው።

ሣጥኑ እንዴት እንደሚሠራ

1ኛ፤ ስፍራውን መምረጥ። አስቀድሞ የሣጥኑን ምሳሌ በካርቶን ሠርቶ በስፍራው ማቆም ይገባል። መሪ ያዡ ተቀምጦም ቆሞም ይመልከተው፤ አንገቱን ሳያዞር ቢያነበው፥ የፊቱን ባሕር ባይከልልበት፥ ፀሐይም በመስታወቱ ላይ ነጸብራቅ ባታደርግ ስፍራው መልካም ነው። የሸራ ገመድና የሰው ጉልበት የማይመታው መሆኑም ይታይ። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

2ኛ፤ ማራራቅ። በየመሣሪያው መመሪያ ላይ ከኮምፓስ ስንት ሊርቅ እንደሚገባው ተጽፎ ይገኛል፤ ካልተጻፈ አንድ ሜትር ያህል ማራቅ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መፈተን ነው። ኮምፓሱን በስፍራው አኑሮ መሣሪያውን ቀስ አድርጎ ማቅረብ፥ አንድ ጊዜ ጠፍቶ፥ አንድ ጊዜም በርቶ ሳለ። ሰሌዳው መነቃነቅ ከጀመረበት ርቀት የበለጠ ማራቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ጎረቤት በውስጡ ማግኔት ያለበት የድምፅ ማጉያ ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለውም መመርመር አለበት፤ ሳንቃ የማግኔትን ኀይል እንደማያግድ ከላይ አይተናልና።

3ኛ፤ ዕቃው። ለሣጥኑ ስስ ሳንቃዎች ተደራርበው ውሃ በማያላቅቀው ሙጫ የተጣበቁበት ጣውላ፥ ወይም ከመስታወት ክርና ከሙጫ የሚሠራው ፋይበርግላስ ይሆናል። የጣውላው ጠርዝና የተቈረጠው ቀዳዳ ሁሉ በሙጫ ወይም በቀለም ሊደፈን ይገባል፤ ጣውላ የሚበሰብሰው ከፊቱ ሳይሆን ከተቈረጠው ጠርዙ ነውና። ብሎኖቹ ከናስ ወይም ከነሐስ ይሁኑ። የማይዝግ ከሚባለውም ብረት ማግኔት የሚስበው ዐይነት አለ፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ብሎን በማግኔት መፈተን ነው።

4ኛ፤ ኮምፓሱን ማቅናት። በኮምፓሱ ላይ የጀልባውን ፊት የሚያመለክት አንድ መስመር አለ። ይህ መስመር ከጀልባው ፊት እስከ ኋላው በመካከል ከሚሄደው መስመር ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ሣጥኑ ሁለት ዲግሪ ጠምሞ ከተተከለ ንባቡ ሁሉ ሁለት ዲግሪ ጠማማ ይሆናል።

5ኛ፤ ውሃን መከላከል። የሣጥኑ ራስ ውሃ እንዲንሸራተት ዘንበል ይበል። በየመሣሪያው ዙሪያ ጎማ ይደረግ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ አይግባ፤ ከታች ይግባ፤ ከመግባቱም በፊት ወደ ታች ረግቦ ይመለስ፤ በሽቦው ላይ የሚወርደው ውሃ ከርግቡ ላይ ተንጠባጥቦ እንዲቀር ነው። በሣጥኑ ሥር ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ ይተው፤ የገባው ርጥበት የሚወጣበት ያስፈልገዋልና።

6ኛ፤ ሽቦና መብራት። ኤሌክትሪክ በሚሄድበት ሽቦ ዙሪያ የማግኔት ኀይል ይፈጠራል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የሚሄድበትና የሚመለስበት ሁለቱ ሽቦዎች እንደ ፈትል እርስ በርሳቸው ይገመዱ፤ አንዱ የሚፈጥረውን ሌላው ያጠፋዋል። ሽቦው ቢነካካ እሳት እንዳይነሣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይደረግ። የሌሊቱ መብራት ደብዛዛና ቀይ ይሁን፤ ብርቱ ነጭ መብራት ያየ ዐይን ወደ ጨለማው ባሕር ሲመለስ ለብዙ ደቂቃ አጥርቶ አያይምና።

ተሠርቶ ሲገዛ

ሣጥን ለመሥራት እጅ ወይም ጊዜ የሌለው ሰው የተሠራውን ይገዛል፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን የየፋብሪካው መሣሪያ ቀዳዳ ልኩ አንድ ስላልሆነ፥ ገና ያልተበሳ ፊት ያለውን ገዝቶ እንደ መሣሪያው ልክ መብሳት ይሻላል። ከአሮጌ ጀልባ የወጣ ሣጥንም ርካሽ ሆኖ ይገኛል፤ እርሱን የሚገዛ ሰው ግን ኮምፓሱን ይፈትን። ፈሳሹ ጐድሎ አየር ገብቶበት እንደሆነ፥ መስታወቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይመልከት። ቀጥሎ ብረት አቅርቦ ሰሌዳውን ያዙረው፤ ብረቱንም ያርቀው። ሰሌዳው ወደ ቀድሞው ንባብ በትክክል ከተመለሰ ደኅና ነው፤ በየጊዜው በሌላ ቍጥር ላይ የሚቆም ከሆነ ግን የሚዞርበት ሹል ጫፍ አርጅቷልና አይግዛው። ደግሞም ለየትኛው የምድር ክፍል እንደተመዘነ ይጠይቅ፤ ማግኔቱ ወደ ዋልታ ሲቀርብ አንድ ጫፉ ወደ ታች ይዘነብላልና፥ ለሰሜን አገር የተመዘነ ኮምፓስ በሩቅ ደቡብ ሊጐትት ይችላል።

ከተሠራ በኋላ

ሣጥኑ ተተክሎ መሣሪያው ሁሉ ከተሰካ በኋላ ሥራው አላለቀም። በጸጥታ ቀን ጀልባውን ወደ ሰሜን፥ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ደቡብ፥ ወደ ምዕራብ፥ በመካከላቸውም ወዳሉት አራት ማዕዘኖች እያዞሩ፥ በካርታ ላይ አቅጣጫቸው ከታወቁ ምልክቶች ጋር ኮምፓሱን ማስተያየት ይገባል። 90 ሊል ሲገባው 94 ቢል፥ አራት ዲግሪ መሳሳቱ በሠንጠረዥ ይጻፍ። በማግኔት ሊታረም የሚቻለው ይታረም፤ የቀረውም ተጽፎ በሣጥኑ አጠገብ ይሰቀል። ስሕተቱ የታወቀ ኮምፓስ ያገለግላል፤ የሚያጠፋው ስሕተቱ ያልታወቀው ነው። አዲስ መሣሪያ በተጨመረ ቍጥር ይህ ምርመራ እንደገና ይደረግ።

ይህ ሁሉ ተጠንቅቆ ከተፈጸመም በኋላ አንድ ቸልተኛ ሰው ቢላዋውን ወይም የኪሱን ስልክ ከኮምፓሱ አጠገብ ቢያኖር የስንት ቀን ድካም ከንቱ ይሆናል። የኮምፓሱ መልክ አይለወጥም፤ መስታወቱ ያበራል፤ ሰሌዳው ይዞራል፤ ንባቡ ግን ሐሰት ነው። ስለዚህ በመልካም ጀልባ ላይ ለሚሳፈር እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው፥ ከኮምፓሱ አጠገብ ምንም ነገር እንዳያኖር ነው።

ኮምፓስ እንደ ምስክር ነው። ምስክር ያየውን እንዲናገር የሚፈልግ ዳኛ ከባለጉዳዮቹ ለይቶ ብቻውን ያቆመዋል፤ ከሚያባብለው ሰው ጋር ካስቀመጠው በኋላ ግን ቃሉን ማመን አይችልም። የመሣሪያ ሣጥን ሠሪም ይህን ዳኛ ይመስላል፤ ብረቱን ያርቃል፥ ሽቦውን ይገምዳል፥ ስፍራውን ያቀናል፥ በመጨረሻም የተናገረውን ከታወቀ ምልክት ጋር ያመሳክራል። ተማሪዎችም በገበታው ውሃ ላይ የተንሳፈፈችውን መርፌ ባዩ ጊዜ ይህን ቢረዱ፥ ባሕር ባያዩም የመርከበኛውን ትልቁን ትምህርት ተምረዋል።